የጉበት ሐኪሙ ስንት ፔፐር አለው? ከቁጥሩ ይልቅ ታካሚዎቹን እንይ

በ1908 ጄምስ ሆጋርዝ ፕሪንግል የተባሉ የግላስጎው ቀዶ ሐኪም አንድ የምርምር ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ በአደጋ ጉበታቸው ስለተቀደደ ስምንት ሰዎች ነው። ሦስቱ ኦፕሬሽን ሳይደርስላቸው ሞቱ። አንዱ ኦፕሬሽኑን እምቢ አለ፤ እሱም ሞተ። ለቀሩት አራቱ ፕሪንግል ኦፕሬሽን አደረጉላቸው። አራቱም አልተረፉም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ያም ሆኖ ዛሬ ጉበት የሚነካ ቀዶ ሐኪም ሁሉ በእኚህ ሰው ስም የሚጠራውን ዘዴ ያውቃል። ሌሊት የመኪና አደጋ የሚቀበለውም፣ ቀጠሮ ይዞ የጉበት ዕጢ የሚያወጣውም።

አሁን ደግሞ ሌላ ሐኪም እንይ። ዮአኪም ቦልት በጀርመን ሉድቪግስሃፈን ከተማ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሰመመን ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ፕሮፌሰር ነበሩ። ለድንገተኛና ለጽኑ ሕሙማን በደም ሥር ስለሚሰጡ ፈሳሾች በጣም ብዙ ጽሑፍ አሳትመዋል። በሙያው ውስጥ ስማቸው የታወቀ ነበር። ዛሬ ከጽሑፎቻቸው ከ180 በላይ የሚሆኑት በራሳቸው በጆርናሎቹ በይፋ ተሽረዋል።

በቁጥር ካወዳደርናቸው ፕሪንግል ቦልት አጠገብ አይደርሱም። ሆስፒታል ሐኪም ሲቀጥር፣ ዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሲሰጥ፣ ቤተሰብም ለታመመ ዘመዱ ሐኪም ሲያፈላልግ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ግን ቁጥሩ ላይ ነው። «ከ200 በላይ ፔፐር አለው» ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ይመስላል።

እኔ የምለው የሐኪም የኅትመት ዝርዝር መቆጠሩ ይቅርና ይነበብ ነው። ሲነበብ ደግሞ መፈለግ ያለባቸው ታካሚዎቹ ናቸው። እነማን ነበሩ? ምን ተደረገላቸው? መጨረሻቸውስ ምን ሆነ? የጉበት ቀዶ ሕክምናና ድንገተኛ ሕክምና ይህን በደንብ ያሳያሉ። በሁለቱም ዘርፍ ስህተት በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው ውሸትም እውነትም ቶሎ ታካሚው አልጋ ድረስ ይደርሳል።

ሁለት ጣት

ጉበት በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ደም ያልፍበታል። ልብ ከሚረጨው ሩቡ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከአንጀትና ከጣፊያ ደም ሰብስቦ በሚያመጣው በፖርታል ደም መልስ ይገባል። የቀረው በጉበት ደም ቅዳ ይመጣል። ከዚያ በጀርባ በኩል ባሉት የጉበት ደም መልሶች ወጥቶ ወደ ልብ ይመለሳል። የጉበት ሥጋ ለስላሳ ነው። ሲቀደድ በክር ልስፋህ ቢሉት ክሩ ሥጋውን እየቆረጠ ይወጣል። ሆዱ ሲከፈት ደግሞ ደሙ ሁሉን ነገር ስለሚሸፍነው ሐኪሙ የሚሰፋውን ቦታ እንኳ አያይም።

ፕሪንግል ያስተዋሉት ነገር ሲነግሩት ቀላል ይመስላል። ወደ ጉበት የሚገቡት ሁለቱ የደም ሥሮች ከሐሞት ቱቦው ጋር አንድ ላይ ሆነው በአንዲት ቀጭን ሽፋን ጠርዝ ውስጥ ያልፋሉ። ከጠርዙ በስተኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሌባ ጣት ከኋላ፣ አውራ ጣት ከፊት ሆነው ቆንጠጥ ሲያደርጉት የሚገባው ደም ይቆማል። ጎርፉ ጋብ ይላል። ሐኪሙም ቁስሉን ያያል። በሰዎቹ ላይ ውጤቱ ሳያምር ሲቀር ፕሪንግል ዘዴውን በጥንቸሎች ላይ ሞከሩት። ጥንቸሎቹ ተረፉ። የሰዎቹን ሞትም፣ የጥንቸሎቹን መትረፍም አብረው ጻፉት።

የጽሑፉ ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው። ሞቱ ስላልተደበቀ ሌላው ሐኪም ዘዴው የቱ ጋ እንደሠራና የቱ ጋ እንዳልበቃ ለይቶ ማየት ይችላል። ዛሬ የፕሪንግል ቁንጠጣ ማቆሚያ ብቻ ሳይሆን መመርመሪያም ሆኗል። ቆንጥጠው ይዘውት ደሙ አሁንም ከፈሰሰ ምንጩ ከጉበት ጀርባ ያሉት ደም መልሶች ናቸው ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ ሌላ መንገድ መፈለግ አለበት፤ ብዙ ጊዜም የለውም። በቀጠሮ በሚደረግ የጉበት ቀዶ ሕክምና ደግሞ 15 ደቂቃ ይዞ 5 ደቂቃ መልቀቅ የተለመደ አሠራር ነው። ይህን በሰዓት የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ የሰመመን ባለሙያው ነው።

ከዚያ በኋላ በአደጋ ለተጎዳ ጉበት ትልቁ ለውጥ የመጣውም ከትንሽ ጽሑፍ ነው። በ1983 ሃርላን ስቶንና ባልደረቦቻቸው ሆዳቸው ተከፍቶ እያለ ደማቸው መርጋት ስላቆመ 31 ታካሚዎች ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ 14 እንደ ወትሮው ኦፕሬሽናቸው እስከ መጨረሻው ተሠራ። የተረፈው አንድ ሰው ነው። በቀጣዮቹ 17 ላይ ሐኪሞቹ ሌላ ነገር አደረጉ። ሥራውን መሀል ላይ አቁመው፣ የሚደማውን ቦታ በጨርቅ አፍነው፣ ሆዱን ዘጉት። ታካሚው ደም ተሰጥቶት፣ ሙቀቱ ተመልሶ፣ ደሙ መርጋት ሲጀምር እንደገና ገቡ። ከ17ቱ 11 ተረፉ።

በዛሬ ሚዛን ይህ ደካማ ማስረጃ ነው። ታካሚዎቹ በዕጣ አልተከፈሉም፤ የኋለኞቹ የተነጻጸሩት ከፊተኞቹ ጋር ነው። ግን ከ14 አንድ እና ከ17 አሥራ አንድ መሀል ያለውን ልዩነት ማንም ቀዶ ሐኪም ሳያየው አያልፍም። በ1993 የፊላደልፊያ የአደጋ ሐኪሞች አሠራሩን «ጉዳትን መቆጣጠር» ብለው በስርዓት ጻፉት። አሁን በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ነው። ለቀዶ ሐኪም ሳይጨርሱ መውጣት ቀላል አይደለም። ሥልጠናው ሁሉ ጀምረህ ጨርስ የሚል ነው። እነዚያ 31 ሰዎች ባይመዘገቡ ኖሮ ይህ ልማድ የሚሰበር አይመስለኝም።

በየሰባት ቀኑ አንድ ጽሑፍ

ብዙ መጻፍ በራሱ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ቶማስ ስታርዝል ከ2,000 በላይ ጽሑፎች ላይ ስማቸው አለ። በአንድ ወቅት በአማካይ በየ7.3 ቀኑ አንድ ጽሑፍ ይወጣላቸው ነበር። በ1999 በክሊኒካል ሕክምና ከዓለም ተመራማሪዎች ሁሉ በሌሎች ጽሑፎች በብዛት የተጠቀሱት እሳቸው መሆናቸው ተገለጸ። የሰው ጉበት ንቅለ ተከላን የጀመሩትም እሳቸው ናቸው።

አጀማመሩ ግን ከባድ ነበር። በመጋቢት 1963 ዴንቨር ውስጥ ለአንድ የሦስት ዓመት ሕፃን የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ ሞከሩ። ሕፃኑ እዚያው ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ደም ፈሶት ሞተ። ከሱ በኋላ የተሞከረላቸውም ብዙ አልቆዩም። ስታርዝል ሥራውን አቆሙ። ከማቆማቸው ጋር ግን የሆነውን ሁሉ በዚያው ዓመት አሳተሙት። ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ታካሚ የተገኘው በ1967 ተመልሰው ሲጀምሩ ነው። ነገሩ መደበኛ ሕክምና ለመሆን ደግሞ ሰውነት የተተከለለትን ጉበት እንዳይገፋ የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪን የሚባለው መድኃኒት እስኪመጣ፣ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቆየ። የስታርዝልን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ያነበበ ሰው ይህን ጉዞ በሙሉ ያገኘዋል፤ ሞቱንም፣ ማቆሙንም፣ መመለሱንም።

አንድ ሰው በየሳምንቱ ጽሑፍ እንዴት ያወጣል? ብቻውን አያወጣም። ከኋላው ትልቅ ቡድን አለ። ለዚህ ነው የስም ተራ መታየት ያለበት። በሕክምና ጆርናል ልማድ የመጀመሪያው ስም ሥራውን በእጁ የሠራውና ጽሑፉን የጻፈው ነው። የመጨረሻው ስም ቡድኑን የመራው ነው። መሀል ያሉት ከብዙ እስከ ጥቂት የለፉ ናቸው። አንዱ ስታቲስቲክሱን ሠርቷል፣ አንዱ ታካሚ ልኳል። አንዳንዱ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ስለሆነ ብቻ ስሙ ይገባል። ይህ የኋለኛው በደንቡ የተከለከለ ነው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ባወጡት መመዘኛ ደራሲ ለመባል በሥራው መሳተፍ፣ በጽሑፉ መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለትክክለኛነቱ መጠየቅን መቀበል አራቱም ያስፈልጋሉ። በተግባር ግን «የአለቃ ስም» በየአገሩ አለ። ስለዚህ 200 ጽሑፍ ያለው ሐኪም በስንቱ ላይ ፊተኛ ወይም ኋለኛ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኤች ኢንዴክስ የሚባለውም ቁጥር አለ። በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ያመጡት ነው። የአንድ ሰው ኤች 40 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። አሪፍ ሐሳብ ነው፤ አንድ ጽሑፍ ብቻ የወጣለትን ሰውና ማንም የማያነበውን መቶ ጽሑፍ የጻፈውን ሁለቱንም ይለያል። ለምን እንደተጠቀሰ ግን አይጠይቅም። «ይህ ሰው ተሳስቷል» ተብሎ መጠቀስም ነጥብ ያስገኛል። የተሻሩ ጽሑፎች ከተሻሩ በኋላም ሲጠቀሱ ይኖራሉ። የጉበት ቀዶ ሕክምና ባለሙያን ከልብ ባለሙያ ጋር በኤች ማወዳደርም አይሆንም፤ የልብ ሐኪሙ መስክ ትልቅ ስለሆነ ጠቃሹም ብዙ ነው።

ሰዓቱ ሲቆጠር

የድንገተኛ ሕክምና ምርምር የራሱ መከራ አለው። ታካሚው ራሱን ስቶ ይመጣል። «በጥናት ትሳተፋለህ?» ተብሎ አይጠየቅም። ቤተሰብ ገና መንገድ ላይ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አሁን ካልተሰጠ አይጠቅምም። በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ነገር የሚሠራው በልማድ ነበር።

ይህን ካሸነፉት ሥራዎች ውስጥ ክራሽ ቱ የሚባለው ለእኔ የመጀመሪያው ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ርካሽ መድኃኒት ነው። ያገኙት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ናቸው፤ ግኝቱን ያሳተሙት በ1962 ነው። ለአደጋ ተጎጂዎች ይጠቅማል ወይ የሚለውን ጥያቄ ግን በትልቅ ጥናት የመረመረው አልነበረም። በለንደን የሃይጂንና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ያሉት ኢያን ሮበርትስ፣ ሃሊማ ሻኩርና ባልደረቦቻቸው በ40 አገሮች፣ በ274 ሆስፒታሎች 20,211 ተጎጂዎችን በዕጣ ከፈሉ። ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን ማስመሰያ አገኘ። በ2010 ውጤቱ ወጣ። ማስመሰያውን ካገኙት 16 በመቶ ሞቱ፤ መድኃኒቱን ካገኙት 14.5 በመቶ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሲሰላ ግን በየ67 ተጎጂ አንድ ሰው ይተርፋል ማለት ነው።

በዓመቱ ያወጡት ተከታይ ትንታኔ ከመጀመሪያውም ይበልጣል እላለሁ። መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ መሞት በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሰጥ በአምስተኛ ገደማ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ከሆነ ግን በደም መፍሰስ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። አንዱ መድኃኒት በሰዓቱ መድኃኒት፣ ካለፈ በኋላ ጉዳት ሆነ። ዛሬ አምቡላንስ ውስጥ ያለ ባለሙያ «አደጋው ስንት ሰዓት ደረሰ?» ብሎ አጥብቆ ሲጠይቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ የመጣው ነው የተመራማሪ መዝገብ ማንበብን የሚያስተምረኝ። መድኃኒቱ ለአደጋ ከሠራ ሆዱ ውስጥ ለሚደማ ሰውም ይሠራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ጉበቱ የጠጠረበት ሰው የጉሮሮው ደም መልሶች አብጠው ሲፈነዱ ደም እያስታወከ ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል። ትናንሽ ጥናቶች ትራኔክሳሚክ አሲድ ለእንዲህ ዓይነቱ ይጠቅማል የሚል ፍንጭ ነበራቸው። ያው የለንደን ቡድን በ15 አገሮች፣ በ164 ሆስፒታሎች 12,009 ሰዎች ላይ ሞከረው። በ2020 ውጤቱን አሳተሙ። በደም መፍሰስ የሞቱት በሁለቱም ወገን 4 በመቶ ገደማ ሆኑ። ለውጥ የለም። በደም መልስ ውስጥ የደም መርጋት ግን መድኃኒቱን ባገኙት ላይ ከ0.4 ወደ 0.8 በመቶ እጥፍ ሆነ።

ያን መድኃኒት በዓለም ላይ ያሳወቁት ሰዎች ናቸው «እዚህ ጋ አይሠራም» ብለው በትልቅ ጆርናል የጻፉት። በእኔ ዓይን ይህ ሁለተኛው ጽሑፍ የመጀመሪያውን ያስከብረዋል። አንድ ተመራማሪ በዝርዝሩ ላይ ያሰበው ያልሆነበት ጥናት አንድም ከሌለ እኔ እጠራጠራለሁ። የሕክምና ጥያቄ ሁሉ «አዎ» የሚል መልስ የለውም።

በጣም ያማሩ ቁጥሮች

ወደ ቦልት እንመለስ። በ2009 በአንድ የሰመመን ጆርናል ላይ ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎች ጥናት አወጡ። አንባቢዎች ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጻፉ። ቁጥሮቹ ከመጠን በላይ ያምራሉ ነበር የሚሉት። በእውነተኛ ሰዎች ደም ውስጥ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል፤ ታካሚ ከታካሚ ይለያያል። በዚያ ሠንጠረዥ ላይ የሚጠበቀው መበታተን አልታይ አላቸው። ምርመራ ተጀመረ። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አልነበረም። ጥናቱ በሆስፒታሉ ውስጥ ስለመደረጉም ማስረጃ ጠፋ። በ2010 ከሥራቸው ተነሱ። በ2011 የብዙ ጆርናሎች ዋና አዘጋጆች በጋራ ሆነው ያለ ሥነ ምግባር ፈቃድ የተሠሩ ናቸው ያሏቸውን ወደ 90 የሚጠጉ ጽሑፎች ሻሩ። ሌሎቹ በኋላ ተከተሉ።

ይህ የአካዳሚ ቅሌት ብቻ አይደለም። የጽሑፎቹ ዋና ርዕስ ሃይድሮክሲኢትል ስታርች የሚባል ፈሳሽ ነበር። ደም ለፈሰሰው፣ ግፊቱ ለወረደበት ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ነው። በ2013 ሪያን ዛሪቻንስኪና ባልደረቦቻቸው በፈሳሹ ላይ የተደረጉ 38 ሙከራዎችን ሰብስበው መረመሩ። የቦልት ሰባት ሙከራዎች ከነበሩበት ስሌት ውስጥ ሲወጡ የቀሩት ከ10,000 በላይ ታካሚዎች እውነቱን አሳዩ። ፈሳሹ የሞት ዕድልን በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኩላሊትንም ይጎዳል። በሰባቱ ሙከራዎች ውስጥ የነበሩት 590 ሰዎች ብቻ ናቸው። እነዚያ 590 ሲጨመሩ ግን የሞቱ ጭማሪ ግልጽ ሆኖ አይታይም ነበር። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 አጠቃቀሙን ገደበ፤ በ2022 ፈቃዱ እንዲታገድ ተወሰነ። በመሀል ባሉት ዓመታት ስንት ሰው በዚህ ፈሳሽ ምክንያት እንደተጎዳ ማሰብ ያማል።

የጉበት ንቅለ ተከላ ጽሑፎች ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ጉበቱ ከማን ነው የመጣው? በ2017 አንድ ዓለም አቀፍ የጉበት ጆርናል ቻይና ውስጥ ስለተደረጉ ከ500 በላይ ንቅለ ተከላዎች የቀረበ ጽሑፍን ሻረ። የአካላቱ ምንጭ በሞት ከተቀጡ እስረኞች አለመሆኑ ሊረጋገጥ አልቻለም። በ2019 የአውስትራሊያዋ የሥነ ምግባር ምሁር ዌንዲ ሮጀርስና ባልደረቦቻቸው ከቻይና የወጡ 445 የንቅለ ተከላ ጽሑፎችን አገላብጠው አዩ። ጽሑፎቹ የ85,477 ንቅለ ተከላዎች ናቸው። 92.5 በመቶው አካሉ ከተገደለ እስረኛ ይሁን አይሁን አይናገርም። 99 በመቶው ለጋሹ ፈቅዶ ስለመስጠቱ ምንም አላለም። ይህን ሁሉ ጽሑፍ ገምጋሚ አንብቦታል፤ አዘጋጅ አሳልፎታል። የቀዶው ቴክኒክ ተመዘነ፤ የሞተው ሰው አልተጠየቀለትም። ከዚህ የበለጠ ከባድ የኅትመት ውድቀት አላውቅም።

እኛ ጋ ሲደርስ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የመምህር ማዕረግ ዕድገት ከኅትመት ጋር የተያያዘ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሲያይ የዋለ፣ ሌሊት ተረኛ የነበረ ሐኪም ጽሑፍ ካላወጣ አያድግም ሲባል በገንዘብ የሚያትሙ የውሸት ጆርናሎች ኢሜይሉን ያጥለቀልቁታል። «ውድ ፕሮፌሰር» ይሉታል። በሳምንት እናትምልሃለን ይሉታል። ገምጋሚ የለም፤ ክፍያ ግን አለ። በዚህ መንገድ የወጣ ጽሑፍ ማዕረግ ሊያሰጥ ይችላል፤ ታካሚ ግን አያድንም። የሚያሳዝነው በአንድ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል የገቡ የጉበት ጉዳቶችን በታማኝነት መዝግቦ ማውጣት ከዚህ ሁሉ ይበልጥ መጥቀሙ ነው። ስንቱ በኦፕሬሽን፣ ስንቱ ያለ ኦፕሬሽን ዳነ? ስንት ሰዓት ተጉዞ ደረሰ? ደም ተገኘለት ወይ? ፕሪንግል በስምንት ሰው የሠሩትን እኛም ባለን ታካሚ መሥራት እንችላለን።

ዝርዝሩን ማየት የሚፈልግ ሰው ብዙ መድከም የለበትም። የሕክምና ጽሑፎች የሚፈለጉበት ፐብሜድ የተባለው ድረ ገጽ ነጻ ነው። የሐኪሙን ስምና የሚሠራበትን ከተማ አስገብቶ ጽሑፎቹን ማየት ይቻላል። ጎግል ስኮላር ጥቅሶቹን ይቆጥራል፤ ግን ስም የሚመሳሰል ሰው ሥራ ሊቀላቅል ይችላልና መጠንቀቅ ነው። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ይህን መደባለቅ ያስቀራል። የተሻሩ ጽሑፎችን የሚመዘግበው የሪትራክሽን ዋች የመረጃ ቋት ከ2023 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። አንድ ጽሑፍ መሻሩ ብቻውን ሐኪሙን ወንጀለኛ አያደርገውም። ስህተቱን ራሱ አግኝቶ ያስሻረም አለ፤ እንዲያውም እሱ ሊከበር ይገባዋል። ምክንያቱን ማንበብ ነው።

አዲስ የቀዶ ዘዴ ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ አይቁሙ። በ2012 ከጀርመን አንድ የጉበት ዘዴ ወጣ። ዕጢውን አውጥተው የሚቀረው ጉበት በጣም ትንሽ የሚሆንባቸው 25 ታካሚዎች ነበሩ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ጉበቱን ከፍለው ወደ አንዱ ወገን የሚሄደውን የፖርታል ደም ዘጉ። የሚቀረው ወገን በዘጠኝ ቀን ገደማ በ74 በመቶ አደገ። ከዚያ የታመመውን አወጡ። ዓለም ተደነቀ። ግን ከ25ቱ ሦስቱ ሞተዋል፤ ይህም በዚያው ጽሑፍ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ማዕከላት ሁሉ ታካሚዎቻቸውን የሚያስገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ ዙሪክ ላይ ተከፈተ። ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ቀስ በቀስ የታወቀው በዚያ ነው። ሁለት የዳኑ ታካሚዎችን ብቻ ይዞ ጽሑፍ ካወጣ ሐኪም ይልቅ ታካሚዎቹን ሁሉ እዚህ መዝገብ ያስገባውን አምናለሁ።

ጉበቱ የከፋበት ኢትዮጵያዊ ንቅለ ተከላ ሲያስፈልገው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ወደ ውጭ አገር ነው፤ ሕንድና ቱርክ ከሚጠሩት ውስጥ ናቸው። በሁለቱም አገሮች ንቅለ ተከላው በአብዛኛው ከሕያው ለጋሽ ነው። ወንድም፣ ልጅ ወይም ሚስት አብሮ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ በ1957 ጉበት በስምንት ክፍል እንደሚከፈል ስላሳዩ ዛሬ የጤነኛውን ሰው ጉበት ከግማሽ በላይ ቆርጦ ለታመመው መስጠት ይቻላል። የሁለቱም ጉበት ያድጋል። ግን ለጋሹ ጤነኛ ሰው ነው፤ ኦፕሬሽኑ ለራሱ ምንም አይጠቅመውም። በተለምዶ የሚጠቀሰው ለጋሽ የመሞት ዕድል ከ1,000 ሰው ከ1 እስከ 5 ነው። ስለዚህ የሆስፒታሉ ሰዎች ስለ ፕሮፌሰሩ ፔፐሮች ሲያወሩ ቤተሰቡ ይህን ይጠይቅ። ፕሮፌሰሩ ስለ ለጋሾቻቸው የጻፉት አለ? ስንት ለጋሽ ቀደዱ፣ ስንቱ ተመልሶ ኦፕሬሽን ክፍል ገባ፣ ከዓመት በኋላ ስንቱን አገኟቸው? የተቀባዩን መትረፍ ብቻ የሚዘግብ ዝርዝር ኦፕሬሽን ከተደረገላቸው ሰዎች ግማሹን ትቷል። መልስ ካላገኙ ገንዘቡ ሳይላክ፣ ለጋሹም ሳይሳፈር ሌላ ማዕከል ይጠይቁ።